የመረሪድ በጎች

ሦስት ቀን ዘነበ፤ በአራተኛው ነፈሰ፤
ጉሙ ጋራውን ትቶ ባሕር ላይ ፈሰሰ።
እርጥብ አይሸለትም፣ ከጥንት ሕጉ ይኸው ነው፤
መረሪድ እጇን ሰዳ ከጸጉሩ ሥር ለካችው፤
«ደርቋል» አለች። በቃ።

ከዚህ ሌላ ጥሪ የለም በዌልስ ጋራ፤
አምስት ቤት ተነሣ፣ ደቦው ተጠራራ፤
ቴጊድ ሞተሩን ጭኖ፣ ኤሊኔድ ዳቦና ሻይ፣
ውሻው ፔሮ ከበሩ ላይ፣ ተቆጣጣሪ መሳይ።
እኔማ ወገቤ ከከዳኝ ጀምሮ
ሸላች መባል ቀርቶ፣ «ጠቅላይ» ተብያለሁ፤
የምጠቀልለው ጸጉር ነው እንጂ፣
ማንንም አልገዛሁ።

በጓን ከኋላ ይዞ ቴጊድ ገለበጣት፤
ከጉልበቱ መሐል፣ እንደ ደከማት እንግዳ፣
አስደግፎ አስቀመጣት።
አራት እግር አየር ላይ፣ ዐይኗ ጣሪያ ጣሪያ።
ከሆዷ ጀመረ።
ክረምቱ በሙሉ፣ ጭቃው፣ እሾሁ፣ የጥር በረዶ
እንደ ካፖርት ወልቆ ወለሉ ላይ ወደቀ፤
ላዩ ግራጫ ነው፣ ውስጡ ግን ነጭ፣ ገና የሞቀ።
ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው።
አንሥቼ ዘረጋሁት፣ ጎንና ጎኑን አጠፍኩት፤
እጄ እስከ ክርኔ ወዙን ጠጣ፣
ዓመት የቆየ ንቃቃት ያለ ሐኪም ሊድን።

ዋጋውን ግን አታንሡብኝ።
አምና ነጋዴው በኪሎ የከፈላት
ለሸላች ያወጣችውን እኩሌታ እንኳ አልሞላት።
ያ የአምናው ጸጉር ዛሬም ከጎተራው ጥግ ታስሯል፤
ከላዩ ድመት ወልዳለች፣ ከሥሩ አይጥ ሰፍሯል።
«ጸጉሩን ራሱ የሚያራግፍ ዘር አለ» ይላል ቴጊድ፣
ልጅ ነው፣ ገና ሃያ ሁለት፤
«ሸላች አይፈልግ፣ ወጪ የለበት።»
መረሪድ ሻይ ቀዳችለት።
«ስኳር ስንት?»
መልሷ ይኸው ነበር።

ከቀትር በኋላ ነው ሁከቱ የመጣ።
ተሸልታ ያለቀች በበሩ ስትወጣ፣
ቀጫጫ፣ ገርጣታ፣ አንገቷ የረዘመ፣
ግልገሏ አያትና ሸሸ፤ ራቅ ብሎ ቆመ፤
«የኔ እናት ትልቅ ናት» የሚል ይመስል ነበር።
ሰማንያ ሦስት እናት፣ መቶ ምናምን ግልገል፣
ሁሉም ጠሪ ሆኖ፣ የሚሰማ ጠፍቶ፣
ጡት ከፊቱ ቆሞ ጡት እየፈለገ።

ያኔ ነው መረሪድ፣ የጆንያ አፍ እየሰፋች፣
ቀና ሳትል፣ «ኢቨር ከሆስፒታል የወጣ ዕለት» አለች።
ማንም አልጠየቃትም።
ስሙን ከቀብሩ ወዲህ ስታነሣው አልሰማንም።
«ጸጉሩ ረግፎ፣ ቅንድቡ ሳይቀር፣
ከመኪና ሲወርድ ፔሮ ጥርሱን አሳየው፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እግሩ ሥር የተኛ ውሻ።
ኢቨር ሳቀበት።
‹አንተ ሌባ፣ ለጸጉር ብለህ ካድከኝ?› አለው።
በሳቁ ነው ያወቀው።»
ክሩን በጥርሷ ቆረጠች።
«እነዚህም እንደዚያው ናቸው። ጠብቁ።»

ቴጊድ ሞተሩን አጠፋ።
ጠበቅን።
አንዲት ጆሮዋ የተቀደደ፣ ድምፀ ወፍራም፣
ከአጥሩ ሥር ቆማ ጠራች፤
ከመቶው አንዱ ብቻ አንገቱን ቀና አደረገ፣
ሮጠ፣ ተንበረከከ፣ ጅራቱ ተርገፈገፈ።
ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ።
ጩኸቱ ሳስቶ ሳስቶ
ሣር የመጋጥ ድምፅ ሆነ።
ፔሮም አልተነሣ፤ ጭንቅላቱን መዳፉ ላይ አኑሮ
የሆነ ነገር ያዳምጥ ነበር።

ማታ የአምናውን ጆንያ ትራክተር ላይ ጫንን፤
ድመቷን ከነልጆቿ ወደ ዘንድሮው አዛወርን።
ወደ ላይኛው ግጦሽ የሚያወጣው መንገድ
ጎማ የሚውጥ ረግረግ ነው፤
ኢቨር ድንጋይ ቢያፈስበት ድንጋዩን የበላ።
ጸጉሩን ዘረገፍንበት፣ ረገጥነው፣ አፈር አለበስነው።
«ለዚህ ከሆነ ይበቃኛል» አለች መረሪድ፤
እኔም ሹመቴን እስከ ከርሞ አስረክቤ ገባሁ።

በማግስቱ መንጋው በዚያ ወጣ፣
ራቁቱን፣ ቀልሎ፣
የአምና ካፖርቱን እየረገጠ።
ከአጥሩ ማዶ ሆኜ ቆጠርኳቸው፤
ሰማንያ ሦስት።
አንዲቷም አልሰመጠች።